የጠበቃዋ ጆሮ

በፍርድ ቤቱ ኮሪደር የሚያውቋት ሁሉ «ጆሮ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ «ይቺ ሴትዮ እኮ ምስክር ምራቁን ሲውጥ ትሰማለች» ብሎ። ውሸትም አልነበረም። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ እዚያው ፍርድ ቤት በታይፒስትነት ገብታ፣ ቀን የዳኞችን ውሳኔ ስትተይብ እየዋለች በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ተማረች። ጥቂት ዓመት ዐቃቤ ሕግ ሆነች። ኋላ ከአለቃዋ ጋር ዓይንና ናጫ ሲሆኑ ለቀቀችና፣ ከዳቦ ቤት በላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ጥብቅና ጀመረች። በሥራ ላይ የተጎዱ ሰዎችን ጉዳይ ትይዛለች። በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ወረቀት አታይም፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታዳምጣለች፤ የምስክሩ ድምፅ ላላ ካለ በዚያው ሰርስራ ትገባለች።

ጆሮዋ መድከም የጀመረው ሃምሳን ከተሻገረች በኋላ ነው። ባሏ «ኧረ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከእኛ ቤት ዜናውን ሰማ!» ሲላት ትስቅ ነበር። ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያ ሲያዝላት ግን አልሳቀችም።

«እሱን ሰክቼ ችሎት ልቁም?» አለችው ባሏን። «ደንቆሮ ጠበቃ ማን ይቀጥራል?»

«ሳትሰሚ ከመቆም አይሻልም?»

«እሰማለሁ አልኩህ!»

ነገሩን በሆዷ ይዛ የሰው ከንፈር ማየት ለመደች። «ለችሎቱ ጎላ አድርገው ይድገሙት» ማለት አበዛች። ከባልደረቦቿ ጋር ምሳ መውጣትም ተወች፤ በጫጫታ መሀል ጨዋታው ያመልጣታላ።

እንዲህ እያለች ነው የፕላስቲክ ፋብሪካ ማሽን ቀኝ እጁን የቆረጠውን ሠራተኛ ጉዳይ የያዘችው። ፋብሪካው «የማሽኑን መከለያ ያነሳው ሠራተኛው ራሱ ነው» ብሎ ይከራከራል። ምስክር ሆኖ የቀረበው የፈረቃው ኃላፊ ጢሙ ከንፈሩን የሸፈነ፣ ወደ ደረቱ የሚያወራ ሰው ነበር።

«መከለያውን ማን አስነሳው?» አለችው።

ሰውየው አጉተመተመ። የጣሪያው ማራገቢያ ድምፁን ዋጠው። ቀደም ብላ ደጋግማ ስላስደገመችው ዳኛው ፊታቸውን አጥቁረውባታል። «ሠራተኛው ራሱ ነው» የሚለውን የተለመደ መልስ የሰጠ መሰላትና «ጨርሻለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ደንበኛዋ ከኋላ እጅጌዋን ጎተታት። «አመነ እኮ! ምነው ዝም አሉ? ‹እኔ ነኝ ያስነሳሁት፣ ታዝዤ ነው› አለ!»

ማን አዘዘህ የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ምስክሩ ኮፍያውን አንስቶ እየወጣ ነው። ብድግ አለች።

«ጨርሻለሁ ብላለች!» አለ የፋብሪካው ጠበቃ።

«አዎ፣ ብለዋል» አሉ ዳኛው። «አሁን ምን ተገኘ?»

ረሳሁት ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይም መጥቶ ነበር።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ መልሱን አልሰማሁትም። ጆሮዬ ከታመመ ቆየ። ደብቄ ነው።»

ዳኛው ማራገቢያው እንዲጠፋ፣ ምስክሩም እንዲመለስ አዘዙ። «ማን አዘዘህ?» ስትለው ሰውየው ወደ ፋብሪካው ሰዎች ዞር ብሎ አየና «ሥራ አስኪያጁ» አለ።

ፍርዱ ለሠራተኛው ሆነ። በግራ እጁ ጨብጦ አመሰገናት፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «የወንድሜንም ጉዳይ ለእርስዎ ልሰጥ አስቤ ነበር… ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። አልተቀየመችውም። እሷም ብትሆን እንደዚያው ታደርግ ነበር። ወሬው ኮሪደሩን ሲያዳርስ ሌሎችም መዝገባቸውን ወሰዱ።

አሁን መሣሪያውን ሰክታ ከአንዲት የድሮ ባልደረባዋ ጋር ትሠራለች። ምስክር የምትጠይቀው ባልደረባዋ ናት፤ «ጆሮ» አጠገቧ ተቀምጣ ጥያቄ ታዘጋጃለች።

«ታዲያ ትሰሚ የለ?» ይላታል ባሏ።

«ቃሉንማ እሰማለሁ። የወንበሩ ሲጢጥታ፣ የወረቀቱ ኮሽታ፣ የሰው ድምፅ፣ ሁሉም እኩል ይጮኻል። ማን እንደዋሸ ግን መለየት አቃተኝ።»

ባሏ ትከሻዋን ይዟት ይቀመጣል።