የመጨረሻው የሙከራ ስፌት

እትዬ ቤት ስደርስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጨርቅ ትተረትራለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስተኛዋ መሆኑ ነው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ በምላጭ ክሩን እየነቀለች፣ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ሰረዘ?» አልኳት።

«ሰረዘ።»

እህቴ አርባ ዓመት ሙሉ ባሏ የሰፋውን ስትዘመዝምና ቁልፍ ስትተክል የኖረች ሴት ናት። ጋሼ ይሰፋል፣ እሷ ትጨርሳለች። አሁን የጋሼ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዳሌውም አራት ፎቅ አልወጣም አልወርድም ካለ ሁለት ዓመት አለፈው። ልጃቸው በራሷ ግቢ ውስጥ፣ ደረጃ የሌላት አንዲት ክፍል አዘጋጅታላቸዋለች። እትዬ ሄዳ በሜትር ለክታታለች። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና የጋሼ ተሽከርካሪ ወንበር ከገቡ ለስፌት መኪናው የምትተርፍ ስንዝር የለችም። ወሩ ሳያልቅ ገዢ ካልተገኘ ደግሞ መኪናው ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ በኪሎ መሄዱ ነው። ይሄን ስታስብ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ስለዚህ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ አወጣችው። ያላት አመል ግን የእሷ ብቻ ነው። አንድ ሰው ዋጋ ጠርቶ ሲመራ ካየች፣ ጨረታው ሳይዘጋ ስሙን በዚያው መኪና ቁራጭ ጨርቅ ላይ ትሰፋና መርፌው ሥር ትተወዋለች። ገዢው ሳጥኑን ሲከፍት ስሙን እንዲያገኝ ነው። «እስኪዘጋ ጠብቂ እንጂ» ብላት፣ «ዋጋ ጠራ ማለት እኮ ቃሉን ሰጠ ማለት ነው» ትለኛለች። እንዲህ ያለ የዋህነት ያናድደኛል፤ ምን ላድርጋት፣ እህቴ ናት።

ሦስቱንም ጊዜ ጉድ የሠራት ራሱን «ድርብ ክር» ብሎ የሰየመ አንድ ተጫራች ነው። ማንም የማይደርስበት ዋጋ ይጠራል፤ ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ይበተናሉ። ከዚያ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው «ቁጥር ተሳስቻለሁ» ብሎ እብስ። እትዬ ከሥሩ የነበሩትን ስትለምን፣ አንዱ ሌላ መኪና ገዝቷል፣ ሌላዋ «ምን ችግር ቢኖርበት ነው ሰውየው የሸሸው?» ብላ ትጠረጥራለች።

«ቁጥር የማይለይ ሰው መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገባ ነው?» አልኳት። «ስሙን ጻፊና አግጂው። አንዴ መንካት ነው።»

«ደክሞኛል» አለች። «እሱን ለማገድ እንኳ ደክሞኛል።»

እኔው ስልኳን ተቀብዬ መኪናውን ለአራተኛ ጊዜ ጨረታ ላይ አወጣሁት። ሻይ ሳንጨርስ መልእክት ገባ። ራሱ ነው፣ ድርብ ክር! ዓይኑን በጨው አጥቦ «መርገጫው አሁንም በግራ በኩል ይንቋቋል?» ይላል።

ደሜ ፈላ። ልሰድበው ጣቴን ሳነሳ እትዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ማስታወቂያው ላይ ስለ መርገጫው አንዲት ቃል አልጻፍንም።

«ይንቋቋል» ብላ መለሰች።

ወዲያው ጋሼ ከተኛበት ከውስጥ ክፍል የስልኩ የመልእክት ድምፅ ተሰማ።

ሁለታችንም ወደ ክፍሉ በር ዞርን። እትዬ የተረተረችውን ክር ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ ለቀመች። እኔ ብሆን ኖሮ ቤቱን በጩኸት እገለብጠው ነበር። እሷ ምሳ አቀረበች።

ጋሼ ወንበሩን እየገፋ መጥቶ ሁለት ጉርሻ ያህል እንደበላ፣ «ያ ድርብ ክር የሚሉት ሰውዬ ዛሬም ሰረዘ» አለችው። «ላግደው ነው።»

ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ። አስቀመጠ ከማለት ከእጁ ወደቀ ማለት ይቀላል።

«አታግጂው» አለ ሳህኑን እያየ። «ሁለተኛ አይገባም።»

«በምን አወቅህ?»

«አውቃለሁ።»

«ምን ፈልጎ ነው እንደዚህ ያለፋኝ?»

«ምን ይፈልጋል... መኪናው ከቤት ሲወጣ ማየት አልቻለም ይሆናል።»

እትዬ ዓይኗ እንባ ሞላ። ግን ውሃ ቀዳችለትና ብርጭቆውን እስኪጨብጥ ከሥር ደግፋ ያዘችለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨረታው ያለ ድርብ ክር ተዘጋ። ያሸነፈችው ሌላ ከተማ ያለች ጀማሪ ልብስ ሰፊ ናት። ልንጠቀልለው ስንል እትዬ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ ለጋሼ ሰጠችው። «የዚችን ስም አንተ ስፋላት» አለችው።

ወንበሩን ወደ መኪናው አስጠጋንለት። እሱ ጨርቁን በሁለት እጁ ይዞ፣ እሷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ መርገጫውን በእጇ እየገፋች፣ ሦስት ፊደል ለመስፋት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። መርገጫው ይንቋቋል። ሲጨርስ ጨርቁን አየውና ምላጩን ፈለገ።

«ተረትሪውና አንቺ ስፊው። ያሳፍራል።»

«አትነካውም» አለችና መርፌው ሥር መልሳ አስገባችው።

ሳምንት ሳይሞላ ከልጅቷ መልእክት መጣ። «መኪናው በሰላም ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ስሜን የሰፋችሁበት መስመር ግን ወዲያና ወዲህ ይላል። መኪናው ላይ የማስተካክለው ነገር ይኖር ይሆን?»

እትዬ አዲሱ ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጋሼ አጠገቧ እያንቀላፋ፣ በአንድ ጣቷ ቀስ እያለች ጻፈችላት።

«ልጄ፣ መኪናው ደህና ነው። እጅ ነው።»