ጋሽ ሆሴዕ ያላመኑት ምርመራ

ሆሴዕ ኤርጫፎ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራቸው በማይክሮስኮፕ የሰው ደም ማየት ነበር። ተወልደው ያደጉት ፎንቆ አጠገብ ነው። የላቦራቶሪ ሙያ ተምረው ሾኔ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደቡ፤ ከዚያ ወዲያ ከሾኔ አልወጡም። ሾኔ ከሆሳዕና ይልቅ ሞቅ ትላለች፤ ከክረምት በኋላ ወባ አይጠፋባትም። ስለዚህ ሥራ ፈትተው አያውቁም።

መጠርጠርን ያስተማሯቸው የመጀመሪያ አለቃቸው ናቸው። ገብረወልድ ይባላሉ፤ ከሰሜን የመጡ ቁጡ ሰው ነበሩ። ሆሴዕ ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ገብረወልድ ደም የተቀባባቸው ሃያ የመስታወት ስላይዶች አስቀመጡላቸውና «እነዚህን አይተህ ውጤቱን ጻፍልኝ» አሏቸው። ሆሴዕ አንድ በአንድ አይተው ጻፉ። አለቃቸው ወረቀቱን ተቀብለው ከራሳቸው ዝርዝር ጋር አስተያዩት።

«ሦስተኛውና አሥራ አራተኛው የአንድ ሰው ደም ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሁለት ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ወባ አለበት ብለሃል፤ አሥራ አራተኛው የለበትም ብለሃል። የትኛውን ሆሴዕ ልመን?»

ሆሴዕ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከዚያ ወዲህ «የለም» የሚል ውጤት ከመጻፋቸው በፊት ዓይናቸውን አሳርፈው እንደገና ማየት ልማዳቸው ሆነ። ሕመምተኛው ውጤቱን ሲያስቸኩላቸው «ቆይ» ይላሉ፤ ዶክተሩ ሲጠራቸውም «ቆይ» ይላሉ። ከተማው «ሆሴዕ ቆይ» የሚል ቅጽል ስም አወጣላቸው።

ጡረታ ሲወጡ የሚውሉበት ቦታ የአቤሴሎም የሞባይል ጥገና ሱቅ በር ሆነ። በሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። አቤሴሎም አባቱ በመምህርነት ተመድበው ከጎጃም የመጡ፣ ሾኔ የተወለደ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። ቴክኖሎጂ የማይፈታው ችግር የለም ብሎ ያምናል። ከጋሽ ሆሴዕ ጋር የማይከራከሩበት ነገር የለም፤ ስለ ዲጂታል መታወቂያው፣ ስለ ምርጥ ዘሩ፣ እንደ ሰው መልስ ስለሚሰጠው ስልክ።

«ጋሽ ሆሴዕ፣ ስልኩ እኮ የታመመ የቡና ቅጠል ፎቶ ሲያነሱለት በሽታውን ይነግርዎታል» ይላል አቤሴሎም።

«ለስልኩ ማን ነገረው?»

«ብዙ ሺህ ፎቶ አይቶ ነው የተማረው።»

«የሾኔን ቡና አይቷል?»

«ቡና ያው ቡና ነው እንግዲህ!»

«ደምም ያው ደም መስሎኝ ነበር እኔ» ይላሉ ጋሽ ሆሴዕ፤ አቤሴሎም ይስቃል።

ሦስተኛው የአግዳሚው ደንበኛ ፈትሁዲን ነው፤ ከስልጤ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሱቁ እዚያው ጎን ነው። ፈትሁዲን አይጠይቅም፤ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ ተንኮል አለበት፤ መድኃኒቱም፣ ማዳበሪያውም፣ ስልኩም። ጋሽ ሆሴዕ አንድ ነገር በተጠራጠሩ ቁጥር «ይኸው፣ የተማረው ሰው እንኳ አላመነም!» ብሎ ወደ ራሱ ወገን ይቆጥራቸዋል። እሳቸው ደስ አይላቸውም፤ ግን ተቃውመውት አያውቁም።

አንድ ወሬ ብቻ አግዳሚው ላይ አይቆይም። «ክትባት» የሚል ቃል ከተነሳ ጋሽ ሆሴዕ ተነስተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ባለቤታቸው ገነቴ በኮሮና ጊዜ እንደሞቱ ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸው ለምን ተነስተው እንደሚሄዱ ግን የጠየቃቸው የለም።

ባለፈው ጥቅምት የአቤሴሎም ባለቤት ሳባ ታመመች። ሳባ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ትኩሳትና ብርድ ይዟት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ጣቷን ወግተው በኪት፣ የደም ጠብታ ተደርጎበት በመስመር መልስ በሚሰጥ ፈጣን መመርመሪያ፣ መረመሯትና «ወባ የለም» አሏት። በሁለተኛው ቀን ሲብስባት ተመልሳ ሄደች፤ እንደገና «የለም»። ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። በአምስተኛው ቀን አቤሴሎም ሱቁን ዘጋ።

ጋሽ ሆሴዕ ሱቁ ተዘግቶ ሲያዩ ቤቱ ሄዱ። ሳባ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። አጠገቧ ተቀምጠው የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው ነጩን አዩ፤ ቢጫ ሆኗል።

«ብርዱ በየቀኑ ነው የሚመጣብሽ ልጄ?»

«በየቀኑ ነው ጋሼ። መጀመሪያ ላይ ቀን እየዘለለ ነበር፣ አሁን አይለቀኝም።»

ወደ አቤሴሎም ዞሩ። «ይኼ ወባ ነው።»

አቤሴሎም አምስት ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፤ ትዕግሥቱ አልቋል። «ሁለት ጊዜ ተመርምራ የለባትም ተብሏል እኮ! ዛሬ እንኳ ነገር ባያነሱብኝ ምን አለ?»

«ደሟን ማን አየው?»

«ኪቱ ነዋ።»

«ሰው አላየውማ።»

 አቤሴሎም ወጥቶ ባጃጅ ጠራ፤ ሳባን ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለችው ሮዳስ የምትባል ልጅ ናት፤ በዲግሪ ተመርቃ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ጋሽ ሆሴዕን በዝና ታውቃቸዋለች፤ በበሩ ሲገቡ ፊቷ ተለወጠ። እሳቸውም አላሳረፏትም። የኪቱን ማሸጊያ አንስተው የሚያበቃበትን ቀን አነበቡ፤ ገና ነው። ካርቶኑ ፀሐይ ላይ ውሎ እንደሆነ ጠየቁ፤ ጥላ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ደሙ ስንት ጠብታ፣ ፈሳሹ ስንት ጠብታ፣ ስንት ደቂቃ ጠብቃ እንዳነበበች አንድ በአንድ ጠየቁ። ሁሉንም በትክክል መለሰችላቸው።

«ጋሼ፣ እኔን ነው የሚጠረጥሩት?» አለች በመጨረሻ።

«አንቺን ጠርጥሬ ነበር፤ አሁን ግን ነፃ ነሽ» አሉ። «የቀረኝ ኪቱ ነው። ስላይድ ለምን አልሠራሽም?»

ሮዳስ ጥግ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነውን ማይክሮስኮፕ አሳየቻቸው። አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቃለች፤ መልስ የለም። ኪቱ ስላለ ሥራው አልቆመም፤ ስለዚህ የቸኮለ ሰው አልነበረም።

«ማቅለሚያውስ?»

«ጊምሳው አለ።»

«እንግዲያው የጎደለን ብርሃን ብቻ ነው» አሉና ወደ አቤሴሎም ዞሩ። «ስልክህን አምጣ።»

ሮዳስ ከሳባ ጣት ደም ወስዳ ስላይድ ላይ ቀባች፤ አደረቀች፤ አቀለመች። አቤሴሎም የስልኩን መብራት ከማይክሮስኮፑ ሥር አስተካክሎ አስቀመጠ፤ ብርሃኑ ዓይን እንዳይወጋ ነጭ ወረቀት ጣል አደረገበት። ጋሽ ሆሴዕ አጎንብሰው አዩ። ስላይዱን ገፋ፣ መለስ፣ እንደገና ገፋ ያደርጋሉ። ከፊታቸው ምንም የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ቀና ብለው «አንቺ እዪ» አሏት ሮዳስን። «እኔ ያየሁትን አልነግርሽም። ዓይኔ አርጅቷል፤ አላምነውም።»

ሮዳስ ተቀመጠች። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት ደቂቃ። አቤሴሎም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ቀለበት» አለች ቀስ ብላ። «ብዙ የወባ ቀለበት አለ ጋሼ። ፋልሲፓረም ነው፤ ገዳዩ ወባ።»

«እኔም ያየሁት እሱን ነው።»

ሳባ ወዲያው አልጋ ተሰጥቷት የወባው መርፌ ተጀመረላት። ሮዳስ ግን ከላቦራቶሪው አልወጣችም። ከዚያው ከሳባ ደም ጠብታ ወስዳ ሦስተኛ ኪት ላይ አደረገች። ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ ወባ የለም ማለት ነው። ማይክሮስኮፑ ሥር ወባው ሞልቶ እየታየ፣ ኪቱ ፊታቸው የለም አለ። አቤሴሎም በኋላ ሲያወራ፣ ሚስቱ ስትንቀጠቀጥ እንኳ እንደዚያች ቅጽበት አልፈራሁም ይላል።

«ትምህርት ቤት አንብቤው ነበር» አለች ሮዳስ። «ኪቱ የሚፈልገው ወባው የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን ነው። ያንን ፕሮቲን የማያወጣ ወባ ከመጣ ግን...»

«ኪቱ አያየውም» አሉ ጋሽ ሆሴዕ። «ታዲያ ስንቱን ሰው የለብህም ብለን መለስን?»

ሳባ በሦስተኛው ቀን ምግብ ቀመሰች፤ በሳምንቱ ቤቷ ገባች። አቤሴሎም ሱቁን ሲከፍት አግዳሚው ላይ ሰው ሞልቶ ጠበቀው። ከሁሉም በላይ ደስ ያለው ፈትሁዲን ነው።

«አላልኳችሁም?» አለ ቆሞ። «ኪቱ ይዋሻል! ሰውን ሊጨርሱ ነው የላኩት። ከእንግዲህ ልጆቼን ክትባት ሊሰጥ የሚመጣ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ። ጋሽ ሆሴዕ ምስክሬ ናቸው!»

ክትባት የሚለው ቃል ሲወጣ አቤሴሎም ጋሽ ሆሴዕን ቀና ብሎ አያቸው። ተነስተው ይሄዳሉ ብሎ ነበር። አልተነሱም።

«እኔ ምስክርህ አይደለሁም» አሉ። «ተቀመጥ ፈትሁዲን።»

ፈትሁዲን ተቀመጠ።

«ገነቴ ስኳር ነበረባት። የኮሮና ክትባት ሾኔ የገባ ጊዜ ‹ልወጋ ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ። ቆይ አልኳት። ባንድ ዓመት የተሠራ ነገር ነው፣ ትንሽ እንየው አልኳት። እሷም ባሏ የሙያው ሰው ነው ብላ ቆየች። በሰባተኛው ሳምንት ቀበርኳት።»

ጋሽ ሆሴዕ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ብትወጋ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም። ብትወጋም ልትሞት ትችል ነበር። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ‹እንየው› አልኳት እንጂ እኔ ምን አየሁ? አንድ ወረቀት አላነበብኩም። አንድ ሐኪም አልጠየቅሁም። እነዚያን ሰባት ሳምንታት እዚሁ አግዳሚ ላይ ካንተ ጋር ሳወራ ነው የፈጀኋቸው። በሳባ ጊዜ ግን ተነስቼ ሄድኩ፤ ቀኑን አነበብኩ፤ ልጅቷን ጠየቅሁ፤ ደሙን አየሁ። አየህ፣ ያኔ ተጠራጠርኩ ብዬ ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ፤ ፈርቼ ነው እንጂ አልተጠራጠርኩም።»

ፈትሁዲን ተነሳ። «አላህ ነፍሳቸውን ይማር» አለና ወደ ሱቁ ገባ። ሐሳቡን ይለውጥ አይለውጥ ማንም አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሆሴዕ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያው መገኘት ጀመሩ። አቤሴሎም ለማይክሮስኮፑ ከአሮጌ የእጅ ባትሪ መብራት ሠርቶለታል። ሮዳስ በኪት የለም የተባሉትን፣ ትኩሳታቸው ግን ያልለቀቃቸውን ሰዎች ደም እየቀባች ታያለች፤ ጋሽ ሆሴዕ ውጤቷን ሳያዩ ለብቻቸው ያያሉ፤ ከዚያ ያነጻጽራሉ። አንዳንዴ አይስማሙም፤ ይጨቃጨቃሉ። በአንድ ወር ውስጥ ኪቱ ያለፋቸው አሥራ አንድ ሰዎች ተገኙ። ሮዳስ ሆሳዕና ላለው ጤና ቢሮ ሪፖርት ጻፈች፤ ጋሽ ሆሴዕ ሦስት ጊዜ አስተካከሉባት።

በኅዳር መጨረሻ ሪፖርቱን ያዩ ሁለት ባለሙያዎች በመኪና መጡ። ሮዳስ ከመታከማቸው በፊት ወስዳ ያስቀመጠችውን የአሥራ አንዱን ሰዎች ደም በወረቀት ላይ እያንጠባጠቡ ወሰዱ።

«ይኼ ደም የት ነው የሚሄደው?» አሉ ጋሽ ሆሴዕ።

«ወደ ምርምር ላቦራቶሪ ነው አባባ።»

«የየትኛው ከተማ? ማን ነው የሚያየው? ውጤቱ በስንት ቀን ለሮዳስ ይመለሳል?»

ሰውየው ፈገግ ብሎ «በቅርቡ» አለና ስልክ ቁጥር ሰጣቸው። ጋሽ ሆሴዕ «በቅርቡ» የሚለውን ቃል አልወደዱትም።

ታኅሣሥ አለፈ፤ ጥር አለፈ። ቁጥሩ ሲደወል ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። አግዳሚው ላይ የማይባል ነገር አልነበረም፤ ደሙን ሸጠውታል ያለም ነበር፤ ሪፖርቱን ቀደውታል ያለም ነበር። ጋሽ ሆሴዕም አንድ ነገር ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ ምን እንደጠረጠሩ ግን ለማንም አልተናገሩም። የካቲት ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው የሆሳዕና ሚኒባስ ያዙ።

ሆሳዕና ውስጥ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመሯቸው ዋሉ። «ነገ ይምጡ» ሲሏቸው አልተመለሱም፤ ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ሴት አዘነችላቸውና ፋይል ከፈተች። የደሙ ውጤት ያለበት ደብዳቤ ከገባ አምስት ሳምንት ሆኖታል። በሾኔ አቃፊ ፈንታ በሌላ ወረዳ አቃፊ ውስጥ ተቀምጧል። ተንኮልም አልነበረም፣ ሽያጭም አልነበረም፤ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ተሳስቷል።

ኮፒውን ተቀብለው መናኸሪያ ቆመው አነበቡት። ከአሥራ አንዱ ውስጥ ስድስቱ ያንን ፕሮቲን የማያወጣ ወባ ነበረባቸው፤ የአምስቱ ግን ምክንያቱ አልታወቀም። ለሾኔ ሌላ ዓይነት ኪት ይላካል ይላል። ስለ አምስቱ የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡት። ምናልባት ራሳቸውና ሮዳስ ተሳስተው ይሆናል፤ ወይም ደሙ ወረቀቱ ላይ ተበላሽቶ ይሆናል። ሾኔ እስኪደርሱ ድረስ ያሰቡት ስለነዚያ አምስት ሰዎች ነው።

አዲሱ ኪት በሚያዝያ መጣ። ሮዳስ ካርቶኑን ከፍታ አንዱን አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ይኼኛው ጥሩ ነው ይላሉ ጋሼ» አለች።

ጋሽ ሆሴዕ መነጽራቸውን አድርገው ማሸጊያውን አገላበጡ፤ የኋላውን ጽሑፍ እስከ ታች አነበቡ።

«እሺ» አሉ። «ለመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዎች ስላይዱንም አብረሽ ሥሪ።»