ከአራት ወደ ሃያ ስምንት የዘለለው ፍሪጅ

ያገለገለ ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው ዋስትናው እስከ ደረጃው ድረስ ነው። ዕቃው ደረጃውን ወርዶ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ ቢንቀጠቀጥም ቢያለቅስም የገዢው ነው። እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ ውስጥ በዚህ ሕግ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ሕጉ የማይሠራበት አንድ ፍሪጅ ብቻ አለ፤ ለእናቴ ያስገባሁላት።

እናቴ ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗ የሚቀመጠው በዚያ ፍሪጅ ነው። ባለፈው ዓመት ሙቀቱ በበረታበት ወራት ስኳሯ ወጥቶ አልወርድ አለና ኩፓት ኾሊም፣ የጤና መድን ክሊኒኩ ወሰድኳት። ነርሷ እንዴት እንደምትወጋ አየች፣ ስለ ምግቧ ጠየቀች፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችኝ። ፍሪጅ ውስጥ አልኩ። ፍሪጁስ ደህና ነው ወይ አለች። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደንበኛ ሲጠይቀኝ እንደ አዲስ ነው እላለሁ፤ ያን ቀን አላውቅም አልኩ።

ኢንሱሊን እየሞቀ እየቀዘቀዘ ከከረመ መልኩ ሳይለወጥ ጉልበቱ ይሞታል አለችኝ። ዶክተሩ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሩ ካልወረደ መጠኑን ሊጨምር ነው። የሞተ መድኃኒት ላይ መጠን ተጨምሮ፣ ኋላ ደህናው ብልቃጥ የተከፈተ ዕለት ስኳሯ ወርዶ ትወድቃለች። የምትኖረው ብቻዋን ነው። ከቀጠሮው በፊት ጥፋቱ የፍሪጁ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ሱቁን በአጉል ሰዓት እዘጋና ሱቄ ካለበት ከአፍሪዳር እሷ ሰፈር ድረስ እነዳለሁ፤ ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትቼ አያለሁ፤ አራት ዲግሪ። ማታ ተመልሼ አያለሁ፤ አራት። እናቴ፣ ፍሪጁን ነው እኔን ልትጠይቅ የምትመጣው ትለኛለች። ሌባ በዘበኛ ፊት አይሰርቅም። እኔ በሌለሁበት የሚያይ ዘበኛ አስፈለገኝ።

ከተዘጋ ወርክሾፕ በጅምላ ካነሳሁት ኮተት መካከል የክብሪት ቤት የምታክል ሰሌዳ ነበረች፤ ሥራ ፈት የሚጫወትባት ትንሽ ኮምፒውተር። የሙቀት ሴንሰር በቀጭን ሽቦ አሰርኩላት። ፕሮግራሙን ከስልክ ቪዲዮ እያየሁ ጻፍኩ፤ እንግሊዝኛው የአስተማሪው፣ መከራው የኔ። በየግማሽ ሰዓቱ ሙቀቱን ለክታ ትይዛለች፤ ከላፕቶፕ ጋር በገመድ ሳገናኛት ያየችውን ተራ በተራ ታወርድልኛለች። ከሠራዊት በፈቃድ የመጣችው ልጄ ስትሠራ አየችኝና፣ «አባ፣ ሳብታን ልትሰልላት ነው?» አለችኝ። አያትሽን ሳይሆን ፍሪጇን ነው አልኳት።

ሴንሰሩን በበሩ ጠርዝ ወደ ውስጥ አሾለክሁ፣ ሰሌዳዋን ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩ፣ ኤሌክትሪኳንም ፍሪጁ ከተሰካበት ማከፋፈያ ሰጠኋት። የፍሪጁን ጤና ትከታተላለች ስላት እናቴ፣ «እሱንም ስኳር ያዘው?» አለች።

እሁድ ጠዋት ሳነብ ያገኘሁት ከቅዳሜ ማታ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። የሳምንቱ ሁሉ የለም። ሰሌዳዋን ረገምኳት። ኋላ እንደገባኝ ሁለት ዓይነት ሜሞሪ አላት፤ አንደኛው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁሉን ይረሳል፤ ሁለተኛው ቦታው ጠባብ ቢሆንም አይረሳም። እኔ ያስቀመጥኩት በሚረሳው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ሞቅ ያሉ ነበሩ፤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩትና ጽሑፉን ወደማይረሳው አዛወርኩ። ቦታ ለመቆጠብ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር ጣልኩ፤ አራትም አራት ከሩብም ለእናቴ አንድ ነው። መጨረሻ የጻፈችበትን ቦታ ራሱን እዚያው እንድትመዘግብ አደረግሁ፤ አለዚያ ተቋርጦ ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀምራ የድሮውን ትደመስሰዋለች።

በሚቀጥለው እሁድ እናቴ ወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እኔ ገመዱን ሰካሁ። ቁጥሮቹ ወረዱ። አራት። አራት። አምስት። አራት። ሃያ ስምንት። ሃያ አራት። ከዚያ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ እንደገና አራት።

ፍሪጅ አውቃለሁ። ሲበላሽ እንደ ሽማግሌ ነው የሚደክመው፤ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት እያለ። ከአራት ወደ ሃያ ስምንት በአንዴ የሚዘል ፍሪጅ ሸጬም ገዝቼም አላውቅም። ሰሌዳዋ ግን ሰዓት የላትም፤ ስትነቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች እንጂ የተኛችበትን አትቆጥርም። ስለዚህ በአራቱና በሃያ ስምንቱ መካከል እሷም ፍሪጁም አብረው ጠፍተዋል። ግማሽ ሰዓቶቹን ከታች ወደ ላይ ስቆጥር ሃያ ስምንቱ የተጻፈው ቅዳሜ ኮከብ ሲወጣ፣ ሰንበት ሲያልቅ ነው። እኔ ደግሞ በሰንበት መኪና አልነዳም። ያኔ ወተቱ ትዝ አለኝ። እናቴ ዓርብ ዓርብ የተረፈውን ወተት ለጎረቤት ትሰጣለች። ደግነት መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ ዓርብ ፍሪጁን ትነቅይዋለሽ?»

«ከነማከፋፈያው እነቅለዋለሁ እንጂ።»

የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ የጠየቃት አልነበረም እንጂ። በሩ ሲከፈት አምፖል ይበራል፤ ያ በሰንበት የተከለከለ እሳት ነው አለችኝ። ቅዳሜ ማታ ኮከብ አይታ መልሳ ትሰካዋለች። አምፖሉን እፈታልሻለሁ አልኳት። ማጉረምረሙስ አለችኝ፤ በሬህም አህያህም ይረፍ ተብሎ የለም ወይ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጉረመርም የሚውል ፍሪጅ ምን በደለ?

ክርክር ሥራዬ ነውና ጀመርኩ። ነርሷ ያለችውን፣ ዶክተሩ ያሰበውን፣ የተጻፈውን ሃያ ስምንት ነገርኳት። ለነፍስ ሲባል ሰንበት ይሻራል ልል አፌን ስከፍት ቀድማኝ አለችው፤ ከቤተ እስራኤል ቄሶች አፍ የሰማችው ከኔ ይበልጣል። መድኃኒት ሲሞቅ እንደሚሞት ግን የነገራት የለም፤ ነርሷ ያስረዳችው ለእኔ ነው፣ በዕብራይስጥ። ሽቦ ስትጎትት ከምትከርም አትነግረኝም ነበር ወይ አለችኝ። ፍሪጁ ሰንበትን ይሠራል፣ አምፖሉ ይፈታል። ተስማማን ብዬ ስነሳ በቢላዋ ጫፍ ሰሌዳዋን አመለከተች።

«ይሄስ ምን ያደርጋል?»

«ይጽፋል።»

«በሰንበትም?»

«በሰንበትም፣ እማዬ።»

«የኔ ነፍስ ያለችው በመድኃኒቱ ነው እንጂ በሱ ጽሕፈት አይደለም። እሱ ያርፋል።»

ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ፤ እንዲህ ድምፁን ሳያነሳ የሚናገር ሲገጥመኝ ዋጋ ቆርጦ እንደጨረሰ አውቃለሁ። አምፖሉን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ።

ነርሷ አዲስ መድኃኒት አስወጣችልን፣ ዶክተሩም መጠኑን ሳይነካ ቆየ። ስኳሯ ቀስ እያለ ወረደ። ዓርብ ዓርብ ሻማዋን ከማብራቷ በፊት የሰሌዳዋን ገመድ የምትነቅለው እናቴ ራሷ ናት። እኔ ሰንበትን ከመስኮት ወደ ወጥ ቤት ስመላለስ፣ የገዛ ፍሪጄን ያለ ሥራ ስከፍትና ስዘጋ እውላለሁ። ኮከብ እንደወጣ መኪና አስነሳለሁ። ስደርስ ሰሌዳዋን መልሳ ሰክታታለች። ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ፤ ሰሌዳዋ ሰንበትን ባትጽፍም፣ ስትነቃ የምትጽፈው የመጀመሪያ ቁጥር ፍሪጁ እንዴት እንደዋለ ይነግረኛል። እናቴ ይህን ሳታውቅ አትቀርም፤ የላፕቶፑን ገመድ እስክሰካ አጠገቤ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ።

አራት። አራት። አምስት። አራት። ሰንበት በየትኛውና በየትኛው ቁጥር መካከል እንዳለፈች መለየት አልችልም።

«አየህ?» ትለኛለች።

አየሁ እላታለሁ።

«እንግዲያ ተቀመጣ።»