እትዬ ብልቃጥ የደፉት ሳህን

የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ እትዬ ብልቃጥ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ብርጭቆ እንኳ አልሰበሩም፤ ይህንንም ለጠየቀም ላልጠየቀም ይናገራሉ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው። አሁንማ ባላቸውም በዚሁ ይጠራቸዋል፤ ደስ ስለሚላቸው ዝም ብለውታል።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንዷን ወጣት ተመራማሪ ነው፤ ታስረዳቸዋለቻ! አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ የተደረደሩትን የመብራት ማብሪያዎች እያሳየች፣ "ይኸውልዎት እትዬ፣ ቢ ሴልም ማክሮፌጅም የሚባሉት የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ውስጥ ያሉት ጂኖች ያው ናቸው። የሚለያያቸው የትኛው በርቷል፣ የትኛው ጠፍቷል ነው። ማብሪያውን የሚጫኑት ደግሞ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው" አለቻቸው።

ሙከራዋም ይኸው ነበር፦ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ቢ ሴል ውስጥ የማክሮፌጅን ፋክተር አስገብታ፣ ጀርም ወደሚውጠው ማክሮፌጅ ልትለውጠው።

"እሺ ይላል?" አሉ እትዬ።

"እሺ ካላለ የሦስት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ። ይቺ ሴሎቹን የማሳድግባት የመጨረሻ ሳህኔ ናት፤ ሌላ ሴል የለኝም።"

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ከመታጠቢያው አጠገብ የተደረደሩትን ሳህኖች ፈሳሽ እንደ ወትሯቸው አንድ በአንድ የበረኪናው ባልዲ ውስጥ ደፉ። አራተኛዋን ደፍተው ክዳኗን ቢያዩ የወጣቷ ተመራማሪ ቀይ ጽሑፍ! ያቺ የመጨረሻዋ ሳህን ናት። ልጅቷ ስልክ ልታነሳ ስትሮጥ እዚያ አስቀምጣት ኖሯል። አጥቦ ዝም ማለትም ለአፍታ በልባቸው ሽው አለ።

ግን ልማድ ነውና ሳህኗን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩ። ታቿ ላይ ስስ ጉም የመሰለ ነገር አለ። ቢነቀንቋት ንቅንቅ የለም። እትዬ ደነገጡ። ቢ ሴል እኮ ይንሳፈፋል፤ ሲደፉት ከፈሳሹ ጋር እልም ነው። ሙጭጭ ብሎ እየቀረ ክንዳቸውን ሲያወልቅ የኖረው ማክሮፌጅ ነው!

በስልሳ ዓመታቸው ሳህኗን ይዘው ሮጡ።

"ልጄ፣ ሳህንሽን ደፋሁብሽ!"

ልጅቷ አመድ መሰለች። "ምን አሉኝ?"

"ግደይኝ፤ ግን መጀመሪያ ታቿን እዪልኝ!"

አዲስ ፈሳሽ ጨምራ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገቻት። አጎንብሳ አየች። ከዚያ ጣሪያው እስኪነሳ ጮኸች።

"ተጣብቀዋል! እትዬ፣ ተለውጠዋል!"

ወገብ ለወገብ ተያይዘው ሲዘሉ ጥበቃው እሳት የተነሳ መስሎት ማጥፊያ ይዞ ከተፍ አለ፤ እሱንም ጎትተው አስዘለሉት። በማግስቱ እንደ ማክሮፌጅ መዋጥ መቻላቸውን ለመፈተሽ ለሴሎቹ የሚያበሩ ደቃቅ እንክብሎች ቢሰጧቸው ዋጥ ዋጥ አድርገው ሆዳቸው በራ።

ዛሬ የዚያ ሙከራ መመሪያ አራተኛው ተራ ላይ "ሳህኑን ድፉ፤ የተለወጡት ይቀራሉ" ይላል። ደፊዋም እትዬ ብቻ ናቸው። ስላልሰበሩት ብርጭቆ ማውራቱን ትተውታል፤ አሁን ለጠየቀም ላልጠየቀም የሚያወሩት ስለደፉት ሳህን ነው።