ያልተማሰለው በርሜል

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ጭቃ ቀጂ ነኝ» ይል ነበር፤ ሰሚው ከሳቀ አብሮ ይስቃል። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ከመንደሩ በላይ ባለው ተዳፋት በቆርቆሮ የታጠሩ ሁለት ጠባብ መደቦች አሉ፤ አንዱ ሣር የለበሰ፣ ሌላው የሚታረስ። በየመደቡ ግርጌ ጎርፉን የሚቀበል በርሜል ተቀብሯል። ዝናብ በጣለ ማግስት በርሜሉን በረጅም እንጨት ከሥር እስከ ላይ ያማስላል፣ ከድፍርሱ በጠርሙስ ቀድቶ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይልካል። እዚያ ጭቃው ደርቆ ይመዘናል። የታረሰ ቁልቁለት ከሣሩ ስንት እጥፍ አፈር እንደሚያጣ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራ። በአሥረኛው ወገቡ ከዳው። የሣሩ በርሜል ያው ውሃ ስለሆነ አያስቸግርም፤ የታረሰው ግን ግማሹ ደለል ነው፣ ማማሰሉ ወገብ ይቆርጣል። አንድ ቀን ሳያማስል፣ ደለሉን ከሥር ትቶ ከላይ ከጠለለው ቀዳ። ማንም አልጠየቀውም። ስንፍና ደግሞ አንዴ በር ከከፈቱላት ባለቤት ነኝ ትላለችና ሁለት ክረምት ሙሉ እንጨቱን አልነካውም።

ከዚያ የላይኛው የግጦሽ ተዳፋት ይታረስ ወይስ ይቅር የሚል ስብሰባ ተጠራ። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ቁጥሮቹን አነበበች፤ የታረሰው መሬት የሚያጣው አፈር ከሣሩ እምብዛም አይለይም አለች፣ ራሷም እንደገረማት ሳትደብቅ። የሰውየው ታላቅ እህት ማሳዋ ከዚያው ተዳፋት ሥር ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «የምትለካው አንተ ነህ፤ ያሰጋል?» አለችው። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «ቁጥሩ ተነቧል እኮ» አላት። ይታረስ ለሚለው እጇን አወጣች። እሷን አይተው ጎረቤቶቿም አወጡ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተዳፋቱ በታረሰ በመጀመሪያው ክረምት፣ ሣሩ ቀስ እያደረገ ወደ መሬት ያሰርገው የነበረው ውሃ የሚይዘው አጥቶ በአንድ ከሰዓት ተንደርድሮ ወረደ። የእህቱን የድንች ማሳ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ጥልቅ ቦይ አደረገው፤ ከእሷ በታች ያለውን የጎረቤቷን የልብስ ሰፊዋን መሬት ደግሞ አሸዋና ኮረት አለበሰው። ሰው አልሞተም። እሱ ግን እህል አልወርድ አለው፤ እንቅልፍም እንዲሁ። ይባስ ብሎ እህቱ «አይዞህ፣ የሰማይን ነገር ማን ያውቃል» እያለች ታጽናናው ጀመር። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በአራተኛው ቀን ቤቷ ሄዶ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ወገቡን፣ እንጨቱን፣ በስብሰባው ላይ እውነቱን መዋጡን። እሷ ከጎርፍ የተረፈውን ድንች ከበሰበሰው እየለየች ነበር። እጇ ቆመ።

«ወገቤን አመመኝ ብትለኝ እኔ አማስልልህ ነበር» አለችው።

አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። እሷም እስኪበቃው ተወችው።

«እኔ ጋ ቀድመህ የመጣኸው ይቅር እንደምልህ ስለምታውቅ ነው» አለች። «ብያለሁ። አሁን ይቅር ለማይሉህ ሂድና ንገር።»

ለጽሕፈት ቤቱ ከተናገረ እንጀራው እንደሚቋረጥ ያውቃል። ያም ቢሆን ጽሕፈት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ግን እታች ናት፣ ከእህቱ ደጅ ሆኖ ያያታል። እግሩ እየጎተተበት ወረደ። እስከ ቁርጭምጭሚቷ አሸዋ ውስጥ ቆማ በአካፋ ትዝቅ ነበር። ስታየው ፊቷ በራ፤ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ሌላ አካፋ አንስታ ዘረጋችለት።

«እንኳን መጣህ ወንድሜ፤ ከጠዋት ጀምሮ ብቅ ያለልኝ ሰው የለም» አለችው።

እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «መጀመሪያ ስሚኝ» አላት፤ «ከሰማሽኝ በኋላ ከፈለግሽ ትሰጪኛለሽ።»