ብሪቱ ምሳ በላች?

ሸዋሉል አንለይን አሶሳ ውስጥ የማያውቃት የቢሮ ሰው አልነበረም። ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት፣ ቢሮዎቹ ወንበርና ጠረጴዛ በሚዋዋሱበት ዘመን፣ ያን ረጅም የክልሉን ስም ዓይኗን ጨፍና የምትጽፍ ታይፒስት እሷ ነበረች። ኃይለኛ ናት። ኃላፊ የጻፈውም ቢሆን ስሕተት ካለበት "ይህን እኔ አልጽፍም" ብላ ትመልሳለች። ሁሉም "ሴትዮዋ" ይላታል እንጂ ያኔ ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር።

የሰፋሪ ልጅ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከላስታ ሲያመጧቸው አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ አቶ አንለይ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራ መንደር፣ አምባ ስምንት በሚሉት፣ ማሽላና በቆሎ እያረሱ ብቻቸውን አሳደጓት። ስለ እናቷ ስትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ "ሞተች።" የት? "እዚያው።" መልኳስ ምን ይመስል ነበር? ይሄኔ አባት ብድግ ብለው በሬ ሊያዩ ይወጣሉ። ያ በሬ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታይለት ነገር አያጣም! ፎቶ የለ፣ ዘመድ የለ። ሸዋሉል የእናቷን መልክ ለማወቅ የማትሰጠው ነገር አልነበረም።

በ1994 ዓ.ም. ለቢሮው የመጀመሪያው ኮምፒውተር መጣ። ወይ ክብር! ብቻውን አንድ ክፍል ተሰጠው፣ መጋረጃ ተሰቀለለት፣ ጥልፍ ጨርቅ አለበሱት፤ ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነበር የሚገባው። አሠልጣኙ ኦሊያድ ከነቀምት የመጣ ሳቂታ ወጣት ነው። ሠልጣኞቹ ማውሱን እንደ ወፍጮ መጅ ጭምድድ አድርገው ሲይዙት አየና "እስቲ እጃችሁ ይፍታታ" ብሎ አንድ ጨዋታ ጫነላቸው።

ጨዋታ ያለው እሱ ነው። ሸዋሉል ያየችው ሌላ ነው። የማሽኑ መስታወት ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ! ይርባቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ ጎረቤት ሲመጣ ይስቃሉ፣ ብቻቸውን ሲውሉ ይከፋቸዋል። ቤት ስትሠራላቸው ገብተው ይኖሩበታል። "ሱብሓን አላህ!" አለች የመዝገብ ቤቷ ኢንዓም፣ አሶሳ ተወልዳ ያደገች የበርታ ልጅ፤ "ይሄ ሰው ነው ወይስ ጅኒ ነው?" ሸዋሉል ወንበሯን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። ሰውነቷን ውርር እንዳደረጋት ዛሬም ትናገራለች።

ቤት ሥሩ ተባሉ። እሷም እንደ አምባ ስምንት ሥርዓት ሠራች፤ ቤቱን መሐል፣ ሽንት ቤቱን ከግቢው ጥግ። ሰው በሚበላበት ጣሪያ ሥር ሽንት ቤት? ኧረ ነውር ነው! ታዲያ ቤቱ ውስጥ ያስገባቻት የማሽን ሴትዮ ከእንቅልፏ ተነስታ ወደ ጥጉ ስትገሰግስ መንገድ ላይ አመለጣት፤ ባለችበት ቆማ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ኦሊያድ በሳቅ ወደቀ። ሸዋሉል ግን ዓይኗን ሰበረች። "ይቅርታ እትዬ፣ ሳላውቅ ነው" አለቻት፣ ከልቧ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሌላው ሰው ረሳው። እሷ በየምሳ ሰዓቱ ጫማዋን እያወለቀች ትገባ ጀመር። ያኔ ነው እናቷን የሠራቻት። ስሟን ብሪቱ አለቻት፤ ከእናቷ የምታውቀው ስሟን ብቻ ነበር። ከተደረደሩት ፊቶች ግንባረ ሰፊውን መረጠች፣ የራሷን ግንባር እየዳሰሰች። አጠገቧ አንዲት ትንሽ ልጅ አስቀመጠች። ብሪቱ ልጅቱን ስታቅፍ ባየች ቀን ምሳም አልበላች፤ እጇን አፏ ላይ ጭና የሥራ ሰዓት እስኪገባ ፈዝዛ ቀረች።

ሁዳዴ ገባ። ሸዋሉል ጾመኛ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ብሪቱስ ታዲያ? የላስታ ሴት በሁዳዴ ጠዋት ተነስታ ትበላለች? እንዳይፈትናት ብላ የማዕድ ቤቱን በር ነቅላ ግድግዳ አደረገችበት፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልትመልሰው። ማሽኑ ውስጥ ግን ጊዜ ይሮጣል፤ አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህን እያወቀች፣ ኃላፊው አስቸኳይ ደብዳቤ አለ ብሎ ሲጠራት እንደከፈተችው ትታው ሮጠች።

ቀኑ ገበያ ነበር። አቶ አንለይ እግረ መንገዳቸውን ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ፤ ኢንዓምም "እዚህ ጠብቅ፣ አባባ" ብላ ኮምፒውተሩ ክፍል አስገባቻቸው። ሸዋሉል ስትመለስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ማሽኑ ፊት ቆመዋል። ብሪቱ ሆዷን ይዛ፣ ወደ አፏ እየጠቆመች ታለቅሳለች።

"ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?"

"ጨዋታ ነው፣ አባዬ።" ወደ ማሽኑ ጠጋ አለች። "እማዬ ናት። እኔ ነኝ የሠራኋት።"

ልጃቸውን አዩ። ማሽኑን አዩ።

"ርቧታል" አሉ።

"ጾም ነው እኮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን..."

"አብዪያት!" ጩኸታቸው ቢሮውን አናጋው። "ለተራበ ሰው ምን ጾም አለው! አብዪያት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!"

ሸዋሉል ግድግዳውን አፍርሳ በሩን መለሰችው። ብሪቱ ገባች፣ አበሰለች፣ ሰሃኗን ይዛ ተቀመጠች፣ በላች። አቶ አንለይ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይናቸው ተከተሉት። ስትጨርስ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

"ሞተች ያልኩሽ ውሸት ነው" አሉ። "ትሙት ትኑር አላውቅም። መጠለያው ውስጥ ታማ ተኝታ ነበር። እህል ይታደላል ሲሉ አንቺን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። 'አልቆይም' ብያት ነው የወጣሁት። ወታደሮች ሰልፉን ከበቡትና ለሰፈራ ብለው መኪና ላይ ጫኑን። 'ሚስቴ ቀርታለች' ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ! ሳላበላት ቀረሁ፣ ልጄ።"

ሸዋሉል አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣች። እንዴት ይህን ያህል ዘመን ይደብቀኛል ብላ ሦስት ገበያ ሙሉ አላናገረቻቸውም። ወደ ላስታ ደብዳቤ ጻፈች። ከዓመት በኋላ የመጣው መልስ "በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው የለም" የሚል ነበር። መልሱ ሳይመጣ ገና በአራተኛው ገበያ ግን አቶ አንለይ ራሳቸው መጥተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ቀስ ብለው ጠየቁ፤

"ብሪቱ ምሳ በላች?"

ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን ልማዳቸው ሆነ። እያዩ ያወራሉ። "እንዲህ ቀይ አይደለችም፣ ጠይም ናት።" ሸዋሉል ትቀይራለች። "ስትስቅ ዓይኗ ጥፍት ነበር የሚለው።" "ስትቆጣ ዝም ነው፤ እንዳንቺ አትለፈልፍም።" የእናቷን መልክ እንዲህ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ፣ በየገበያው አገኘችው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በሬው ያስቀረባትን ሁሉ ማሽን መለሰላት! "አንተንም ልሥራህና አብረሃት ሁን" ስትላቸው ግን "ምን ፊት ይዤ" ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ማሽኑ ሲያረጅ ቢሮው አስወገደው፤ እሷ ተሸክማ ቤቷ አስገባችው። ኦሊያድ ከአምስት ዓመት በኋላ በአዳዲስ ማሽኖች ሊያሠለጥን ሲመለስ ምሳ ጋበዘችው። ያንኑ ቤት፣ ያችኑ ሴት፣ ከአራት ዓመቷ ያላለፈችውን ያችኑ ልጅ ሲያይ ጭንቅላቱን ያዘ።

"ኧረ በሕግ! አልሰለቸሽም? መቼ ነው የሚያልቀው?"

"አያልቅማ! ነገም ይርባታል፣ ነገም ትበላለች።"

እሱ ሳቀ። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። አሸናፊ የለ፣ መጨረሻ የለ፤ ማብሰል፣ መብላት፣ መተኛት፣ መነሳት ነው። ቤታችን ሲያሰለቸን የምንውለው ነገር መስታወት ውስጥ ሲገባ ሰውን ዓመታት አስሮ የሚያቆየው በምን ተአምር ነው?

አንድ የገበያ ቀን አቶ አንለይ ዘግይተው መጡ። እርጅና ተጭኗቸዋል፤ ከአምባ ስምንት የሚመጡት አሁን አሥር ቦታ እያረፉ ነው። ተቀመጡ። እንደ ወትሮው ስለ ምሳ አልጠየቁም።

"ቦታ አለ?" አሉ።

"የምን ቦታ?"

"እዚያ ቤት።" በአገጫቸው ወደ ማሽኑ አመለከቱ።

ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብላ ፈጥና ሠራቻቸው፤ ጎልማሳ አድርጋ፣ ከብሪቱ በተለዩበት ዕድሜ። ሰውየው መንገዱ ዳር፣ ከግቢው ፊት ለፊት ብቅ ብሎ ቆመ። ብሪቱ ውስጥ ሰሃን ታጥባለች።

"አሁን ምን ላድርገው፣ አባዬ?"

አቶ አንለይ እጃቸውን ዘረጉ። ማውሱን አንድም ቀን ነክተውት አያውቁም። እየሳቱ፣ እየመለሱ፣ በስንት መከራ ምድጃውን አገኙት። ሰውየው ገባ፣ አበሰለ፣ ገበታ አቀረበ። ብሪቱ ሥራዋን ትታ መጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

"ቆየሁብሽ" አሏት።