ሕያው የተሸከመ ዝም አይልም

ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ

የዚህ ጉዞ ምክንያት አንድ ጥቅል ሸራ ነው። ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ በግሼ አቅጣጫ ያገባችው የእህቴ ልጅ እቴነሽ ደውላ፣ «አጎቴ፣ የሴቶች ማኅበራችን ቃሬዛ ጨርቁ አርጅቶ ተቀደደ። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ አንድ ጠንካራ ይስፉልን» አለችኝ። ባለሙያ ስባል ጊዜ ልብስ መስፋት ከተውኩ መቆየቴን ረሳሁት። አሁን ክሩን ከመርፌ ቀዳዳ የምታስገባልኝ ባለቤቴ ናት፤ የሚሰፋው እጄ ነው፣ ዓይኔ ታዛቢ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ሱሪ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ሱሪ ቢተረተር የሚያፍረው ለባሹ ነው። ቃሬዛ ቢተረተርስ? ይህን ያሰብኩት ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፍርሃት አጠገቤ ተቀምጦ አብሮኝ ተጓዘ፤ ሒሳብ ግን አልከፈለም።

«አባባ፣ ሸራውን ጣራ ላይ እንስቀለው?» አለኝ ረዳቱ።

«እኔን ስቀለኝ፣ እሱን ተወው» ብዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩት።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ነሐሴ እያለቀ ነው፤ ዝናቡ ግን ይህን አልሰማም። ሾፌሩ በአንድ እጁ ቆሎ ይቆረጥማል፣ በሌላው ይነዳል።

«አይዞዎት አባባ፣ መንገዱ ያውቀኛል» አለኝ በመስታወት እያየኝ።

«በዚህ ጉም እንዴት አድርጎ ይለይሃል?» ስለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከምሬ ነበር የጠየቅሁት።

ሞላሌ ላይ ቁርስ

ሻይ በዳቦ በላሁ። ዋጋው ባለፈው ከመጣሁበት እጥፍ ሆኗል፤ ዳቦው ደግሞ ግማሽ። ባለሻይ ቤቷ ሸራውን አይታ ምንነቱን ጠየቀችኝ። የቃሬዛ መሆኑን ስነግራት ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

«እኔንም ለሁለተኛ ልጄ በቃሬዛ ነው ያወረዱኝ» አለች። «ዳር ዳሩን ደርበውታል?»

«ደርቤዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

ሒሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ። እንኳን ስንት ጊዜ፣ መደረቤንም እርግጠኛ አልነበርኩም። ከሻይ ቤቱ ወጥቼ፣ ግድግዳ ተጠግቼ ስፌቱን በጣቴ ዳበስኩት። ተደርቧል። ቢሆንም ጣቴም ያው የእኔው ጣት ነው፤ ምስክርነቱ አይታመንም።

እቴነሽ ቤት

ከመሐል ሜዳ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ፣ የቀረውን በእግሬ ሄጄ ከቀትር በኋላ ደረስኩ። ገብሱ አሽቷል። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ ነጥቆኝ ሁለቴ መለሰልኝ። እቴነሽ ሆዷ ገፍቶ፣ የድንጋይ ካቡን ተደግፋ ጠበቀችኝ። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ለእህል ንግድ ወደ ዓለም ከተማ ወርዷል፤ ሳትወልድ እደርሳለሁ ብሏል።

ማኅበርተኞቹ ባል የሞተባትን የአንዲት ባልቴት እርሻ ሲያርሙ ውለው ከነጭቃቸው መጡ። የሚያዛቸው የለም፣ የሚከፍላቸውም የለም። የደከመ ሰው ማሳ ያርማሉ፣ የፈረሰ እርከን ይክባሉ፣ ወላድና በሽተኛ ተሸክመው መኪና መንገድ ያደርሳሉ። መሪያቸው ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፤ አንድ ጊዜ ካዩዎት ሸክምዎንም ልብዎንም መዝነው የሚጨርሱ ሴት ናቸው። ሸራውን ከሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ጋር ጠፍረው ሲያበቁ፣ «ሰፊው ይተኛበት፤ በራሱ ይፈተን» አሉ።

«እትዬ፣ እሳቸው እኮ ደርቀዋል» አለች ሙሉ የምትባል፣ ምላሷ እንደ ማጭድ የተሳለ ወጣት። «ቆርበት ምን ሸራ ይፈትናል?»

ተኛሁ፤ አነሱኝ። ገና ብድግ ሲያደርጉኝ ከበታቼ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«አውርዱኝ፣ ስፌቱ ተበጠሰ» አልኩ።

አገላብጠው አዩት፤ ምንም የለም። «ጉልበትዎ ነው» አለች ሙሉ፣ ሳቁም ጎርፍ ሆነ። እኔ ግን ያንን ድምፅ ይዤ ተኛሁ።

ቃሬዛው ተነሣ

ጎህ ሲቀድ እቴነሽን ምጥ ያዛት። የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ መጥታ አየቻት፤ ፊቷ አላማረኝም። «ሕፃኑ በደንብ አልመጣም፤ ሆስፒታል መድረስ አለባት፣ እዚህ ከቆየች ሁለቱንም እናጣለን» አለች። አምቡላንሱ ጭቃው አላስገባው ብሎ ከድልድዩ ማዶ ቆሟል። እስከዚያ ያለው መንገድ ገደል አፋፍ ለአፋፍ ነው።

እቴነሽን ሸራዬ ላይ አስተኝተው፣ ብርዱና ካፊያው እንዳይመታት በባና ከራስ እስከ እግሯ ሸፈኗት። የመንዝ ባና ከበግ ጠጉር የተሠራ ስለሆነ ይሞቃል፤ ሲያዩት ግን የተገነዘ ሰው ይመስላል።

ወይዘሮ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ መሸከም አይችሉም። ምላስዎ ግን አላረጀም። ከፊት ከፊት እየሄዱ ጮክ ብለው ያውሩ፣ እሷም ትመልስልዎት።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለጉትን። ሕያው የተሸከመ ዝም አይልም። በእኛ አገር ዝም ብሎ የሚያልፍ ቃሬዛ ሬሳ ነው፤ ያየ ሁሉ ለቅሶ ይወጣል። ምጥ ላይ ያለች ሴት የገዛ ለቅሶዋን ከሰማች ጉልበቷ ይከዳታል። ሲከዳት አይተናል።»

የመጨረሻዋን ቃል ዝቅ አድርገው ነበር የተናገሩት። ማንን እንዳዩ አልጠየቅሁም።

ገደሉ አፋፍ

«አንድ ሙሽራ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። «ለሠርጉ ሱሪ አዘዘኝ። አንዱን እግር ጠዋት ሰፋሁት፣ ሁለተኛውን ከጠላ በኋላ።»

«ከዚያስ?» አለች እቴነሽ ከባናው ውስጥ።

«ከዚያማ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆነ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ከሥር እየገባች ይሄዳሉ። ከየአጥሩ ሰዎች ድምፃችንን ሰምተው «ማርያም ማርያም፣ ማርያም ትማርሽ» ይሉናል። ጥሩ ነበር። መንገዱ እስኪጠብ ድረስ ጥሩ ነበር።

በቀኝ በኩል መሬቱ አለቀ። ከታች ጉም ብቻ ነው፤ ከጉሙ ውስጥ ጭላዳዎች ይጮኻሉ። ያኔ ድምፁን ሰማሁት። ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። ተሸካሚዎቹ በተራመዱ ቁጥር ይሰማል። ስፌቱ ነው አልኩ፤ አንድ አንድ ክር እየተፈታ ነው። እቴነሽን ከባዶ ጉም የሚለያት የእኔ ፈዛዛ ዓይን የሰፋው ክር ነው።

ልጩህ? ብጮህ ይደነግጣሉ፤ በዚያ ጠባብ ላይ ቃሬዛ ማውረጃ የለም፣ መዞርም አይቻልም። ጆሮዬን አቁሜ እቆጥር ጀመር። ሳላውቀው ዝም አልኩ። «ከዚያስ?» የሚል የደከመ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። አልመለስኩም። ሴቶቹም ትንፋሻቸውን ለእግራቸው ሰጥተው ነበርና ዝም አሉ።

ከበላያችን ካለችው መንደር አንዲት ሴት በጉሙ ውስጥ አየችን። የተሸፈነ ሰው፣ ዝም ያሉ ተሸካሚዎች፣ ፊት ፊት ደግሞ አንገቱን የደፋ ሽማግሌ። ከዚህ በላይ ቀብር የለም።

«ወዮ፣ የእነ አስካለ ቃሬዛ ነው። እቴነሽ ናት። እቴነሽዬ፣ ልጅሽን ሳትስሚው ሄድሽ።»

ለቅሶው ከቤት ቤት ተቀጣጠለ። ነጠላ አዘቅዝቀው ወደ አፋፉ ወጡ። አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ቃሬዛው ላይ የነበረው ማቃሰት ቆመ።

«እቴነሽ» አለች ሙሉ። መልስ የለም። ሙሉ ስትፈራ ድምፅዋ የሕፃን መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

«ሽማግሌው፣ ምላስዎ የት ሄደ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ እግራቸውን ሳያቆሙ።

አፌ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁ፤ ውሻም፣ ባለሥልጣንም፣ ባለቤቴንም። እንደዚያች ቅጽበት ግን ፈርቼ አላውቅም። ስሟን ልጠራ ፈልጌ የወጣው ሌላ ነው።

«ከዚያማ» አልኩ፣ ድምፄ እየተሰባበረ፣ «ሙሽራው ተቆጥቶ መጣ። እኔም፣ ሱሪውማ እኩል ነው፣ የሚበላለጠው ያንተ እግር ነው አልኩት።»

ለቅሶው ብቻ ይሰማል።

«አመነኝ» አልኩ፤ አሁን እየጮህኩ ነው። «እቴነሽ፣ አመነኝ እኮ። ሠርጉን ሙሉ እያነከሰ ዋለ።»

ባናው ተነቃነቀ።

«ሙሽራዋስ?» አለች እቴነሽ፣ በቀጭኑ። «ሙሽራዋ ምን አለች?»

«ኧረ አለች፣ እየተናገረች ነው» ብላ ሙሉ ወደ ላይ ጮኸች። ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ፤ ከዚያ «ማርያም ማርያም» ሆኖ፣ ከዚያም እልልታ ሆኖ ወረደብን። ያለቀሱት ሴቶች አፍረው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ቁልቁል ሮጡና ትከሻ ከሥር አስገቡ። መጀመሪያ ያለቀሰችው እስከ ድልድዩ አጣናውን አልለቀቀችም። እኔም እስከ ድልድዩ አፌን አልዘጋሁም። ሙሽራዋ ምን እንዳለች እንጃ፤ እየፈጠርኩ ነበር የማወራው።

መሐል ሜዳ፣ ሆስፒታል

እቴነሽን አስገብተው በሩን ዘጉብን። ሴቶቹ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። እኔ ባዶውን ሸራ ወስጄ ስፌቱን አንድ በአንድ መረመርኩ፤ አንዲትም ክር አልተነቃነቀችም። ሸራውን ጠቅልዬ በሲሚንቶው ኮሪደር ላይ እንጎራደድ ጀመር።

ቀጭ። ቀጭ።

ቆምኩ፤ ድምፁም ቆመ። ተራመድኩ፤ ቀጭ።

ሙሉ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝ። «ነግሬዎት ነበር» አለች።

የእቴነሽን ለቅሶ ያስወጣው የገዛ ጉልበቴ ነው። ልስቅ አፌን ስከፍት ዕንባዬ ቀደመኝ፤ ወይዘሮ አስካለም እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን አዞሩልኝ።

ፀሐይ ጉሙን ሰንጥቃ ስትወጣ አዋላጇ መጣች። «ማርያም ማረቻት። ሴት ናት፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው።» ሴቶቹ እልል ብለው ከየመቀነታቸው የቋጠሩትን የገብስ ዱቄት ለገንፎው አወጡ። ያን ሁሉ መንገድ ትከሻቸው ላይ እቴነሽን፣ ወገባቸው ላይ የመውለጃዋን ገንፎ ይዘው ነው የመጡት። ገደሉን ስንሻገርም ቢሆን እንደምትወልድ አልተጠራጠሩም ማለት ነው። የተጠራጠርኩት እኔና ጉልበቴ ነን።

ወደ ቤት

በመልሱ ጣርማ በር ላይ ጉሙ እንዳለ ነበር። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ያ ሾፌር ይሁን ሌላ አልለየሁትም፣ ቆሎ ግን ይበላል። ዝም ብዬ መፍራቱን ግን ተውኩት፤ እስከ ደብረ ብርሃን ለተሳፋሪው ሁሉ የሙሽራውን ሱሪ አወራሁለት። የነገርኩት ሰው ሁሉ «ከዚያስ?» አለኝ። ፍርሃት ዝም ሲሉት ይከብዳል፤ ሲያወሩበት ደግሞ ሌላው ሰው ትከሻውን ከሥር ያስገባል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኼ ነው፤ ለሽማግሌ ብዙ ነው።

የግቢዬን በር ገና ሳልከፍት ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርኩ። ባለቤቴ ደንግጣ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ከውጭ ጀምረህ የምትለፈልፈው?»

«ሕያው ሰው ይዤ ስለመጣሁ» አልኳት።

ወደ ኋላዬ አየች፤ ማንም የለም። ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ተጠጋሁ፣ ጉልበቴም ቀጭ ብሎ መሰከረልኝ።